አይዞህ የማይባል ውሻ

የደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ የላይኛው ቤት ጎረቤት መጥረጊያውን እንደ ጠመንጃ በትከሻው ይዞ ከታች ብቅ አለ። ሹፌሩ ገመዱን በመዳፉ ላይ አንዴ ጠቀለለና ጎንበስ ብሎ፣

«አይዞህ፤ አይዞህ የኔ ጌታ» አለው ውሻውን።

ውሻው እስከዚያ ድረስ አፍንጫውን ግድግዳው ላይ ደግኖ የራሱን ጉዳይ ሲከታተል ነበር። ጎረቤቱን ገና አላየውም። ግን ጆሮው ቆመ፤ ቀጥሎ የጀርባው ፀጉር ቆመ፤ ቀጥሎ ራሱ በሁለት እግሩ ቆመና ደረጃው ከላይ እስከ ታች በጩኸት ተሞላ። ጎረቤቱ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ምን አድርጌው ነው? ጠዋት ጠዋት ይሰድበኛል እኮ!»

«ይቅርታ፤ አንተን አይደለም፤ መጥረጊያውን ነው።»

«መጥረጊያውን ከሆነ ለብቻው ጠርቶ ይንገረው» አለ ጎረቤቱ። ጀርባውን ከግድግዳው ሳያላቅቅ በጎኑ እየተራመደ አልፎ ወጣ።

የውሻው ስም ኮሚቴ ነው። ስሙን ያወጡለት የመጠለያው ሰዎች ናቸው፤ ማንም ሰው ምንም ነገር ሊያደርግ ሲነሳ አስቀድሞ ስለሚቃወም። ቡላ ነው፤ የግራ ጆሮው ጫፍ የለም፤ ዱላ የሚመስል ነገር ሁሉ ጠላቱ ነው። ወደ ሹፌሩ ከመምጣቱ በፊት ለሁለት ቤት ተሰጥቶ ከሁለቱም ተመልሷል። የመጀመሪያዎቹ «ይጮኻል» ብለው መለሱት፤ ሁለተኛዎቹ ደግሞ «አሁንም ይጮኻል» ብለው። ነክሶ አያውቅም። ቢሆንም የመጠለያው ኃላፊ ሲያስረክበው ነገሩን አላለባበሰም፤ ሦስተኛ ጊዜ የተመለሰ ውሻ ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ እዚያው አጥር ውስጥ ያረጃል።

ሹፌሩ የከተማ አውቶቡስ ነው የሚነዳው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንዳለ የሚመሽበት ሰው ሆኖ ነበር። ውሻ ያለው ሰው ግን ጃኬቱን እንደለበሰ ሊቀመጥ አይችልም፤ ውሻው «እንሂድ» ማለቱ ነው ብሎ ይነሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሹፌሩ ሳይወድ በግዱ ወጪ ወራጅ ሆነ፤ ምግብም መብላት ጀመረ።

በሳምንት አንድ ቀን የምትመጣ አሰልጣኝም አለችው። እሷ ያስተማረችው ቀላል ነው። የሚያስፈራው ነገር ገና ሩቅ ሳለ ቁራጭ ጉበት መስጠት፤ ሲቀርብ ዞር ብሎ መሄድ፤ ገመዱን አለመጎተት። ሹፌሩ ሁሉንም ይሠራል። ውሻው ግን አንዱን ሲያሻሽል ሌላውን ያበላሻል። ባለፈው ሳምንት አሰልጣኟ ራሷን እየነቀነቀች፣ «ግራ የገባኝ፣ ሳያይ ነው የሚጮኸው። ማን ነው ቀድሞ የሚነግረው?» ብላ ሄዳለች።

ዛሬ ደግሞ እህቱ ትመጣለች።

ታላቅ እህቱ ናት፤ ጡረታ የወጣች የሰዋስው መምህርት። ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ትናንት ከሆስፒታል ወጥታለች። የልጇ ቤት አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ተበላሽቷል። የሹፌሩ አንደኛ ፎቅ ነው። እንግዲህ ጉልበቷ እስኪጸና ከዚህ ሌላ መሄጃ የላትም።

ሹፌሩ ኮሚቴን መኝታ ቤት ዘግቶበት ወረደ። የታችኛው በር ደወል ከሠራ ቆይቷል፤ እንግዳ የመጣበት ሰው ራሱ ወርዶ ነው የሚከፍተው። እህቱ በልጇና በሁለት ክራንች ተደግፋ ደረጃውን አንድ በአንድ እየቆጣጠረች ወጣች። ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ኮሚቴ የተቃውሞ ድምፁን አሰማ።

«እሱ ነው?» አለች ወንበሩ ላይ እየተቀመጠች።

«እሱ ነው እትዬ። አይናከስም።»

«እኔ የመጣሁት ለጉልበቴ ነው፤ ባቴን ለመስጠት አይደለም። ንገረው።»

ልጇ ሹፌሩን ወደ ኮሪደሩ ወሰደው። የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነው። አደጋ ሳይደርስ አደጋውን መተመን ሥራው ስለሆነ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ምንጣፉ የታጠፈበትን ቦታ ነው።

«ጋሼ፣ በግልጽ እንነጋገር። እማዬ አንዴ ከወደቀች ያ ጉልበት አበቃለት፤ ሐኪሙ ነው ያለው። ይኼ ውሻ አንዴ ቢነሳባት፣ አንዴ ብቻ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«እሺ» አለ ሹፌሩ።

«ወደ መጠለያው።»

«እሺ።»

«ትቀየመኛለህ እንዴ?»

«እሺ» አለ። ለጥያቄው እንደማይሆን ዘግይቶ ገባው።

ለማንም እምቢ ብሎ አያውቅም። ከፌርማታ ውጪ «እዚህ ጋ አውርደኝ» ያለውን ሁሉ ሲያወርድ የኖረ፣ ለዚህም ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሰው ነው። ማስጠንቀቂያውንም «እሺ» ብሎ ነው የፈረመው።

የእህቱ ልጅ ወደ ሥራው ሲሄድ ሹፌሩ የልብስ መተኮሻ ጣውላውን በወጥ ቤቱ በር ላይ አጋድሞ ኮሚቴን ከዚያ ወዲያ አደረገው። ክራንቾቹ ከእህቱ ወንበር አጠገብ ተደግፈዋል። ኮሚቴ ክራንቾቹን አየ፤ ሹፌሩ ጉበት ሰጠው። እህቱ አንዱን ክራንች ነካ አደረገች፤ ሹፌሩ ጉበት ሰጠው። እንዲህ ሲሆን ረፋዱ አለፈ።

«ለእሱ ጉበት፤ ለእኔ ሾርባ» አለች።

«ሐኪምሽ ነው ያዘዘው።»

«ለእሱስ ማን አዘዘለት?»

«አሰልጣኟ።»

«እንግዲያው የእኔን ሐኪም ተውና እሷን አምጣልኝ።»

ሹፌሩ ሳቀ። መጸዳጃ ቤት ሲሄድም ኮሚቴን ይዞት ሄደ፤ ሁለቱን ለብቻቸው ትቶ ከክፍሉ አልወጣም። ነገሩ የሚሆን መሰለው።

ከምሳ በኋላ የጉልበቱ እንቅስቃሴ ሰዓት ደረሰ። ተረከዟን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ አድርጎ ማጠፍ ነው፤ የሆስፒታሉ ነርስ አሳይታዋለች። የመጀመሪያውን ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። ሁለተኛው ላይ የወንበሩን ክንድ ጨበጠችና «እህህህ» አለች።

«አይዞሽ እትዬ፤ አይዞሽ፤ አይዞሽ» አለ ሹፌሩ።

መተኮሻ ጣውላው በሙሉ ቁመቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ኮሚቴ ክፍሉ መሃል ነበር፤ ፀጉሩ ቆሞ፣ ጥርሱ ወጥቶ፣ ጩኸቱ የመስኮቱን መስታወት እያንቀጠቀጠ። አንዱ ክራንች ተንሸራትቶ ወደቀ። ሹፌሩ የእህቱን እግር እንዴት እንዳስቀመጠው ሳያውቅ ዘሎ ውሻውን በአንገት ማሰሪያው ያዘው፤ ወጥ ቤት አስገብቶ በሩን ዘጋ። ሲመለስ እህቱ እንደተቀመጠች ናት። አልወደቀችም፤ አልተነካችምም።

ሹፌሩ ከፊቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«እንግዲህ ተነሳብሽ» አለ። «ለልጅሽ ቃል ገብቻለሁ፤ ማታ መጥቶ ይወስደዋል።»

እህቱ አንገቷን አዞረች። የውጩን በር ታያለች።

«ወዴት ነው ያየው?»

«ማን?»

«ውሻህ ነዋ። ሲጮህ ወዴት ነበር የሚያየው?»

«አንቺን ነዋ።»

«እኔን አላየኝም። ክራንቹንም አላየም። በሩን ነው ያየው። ዕድሜዬን ሙሉ ፈታኝ ሆኜ ቆሜያለሁ፤ ልጅ ወዴት እንደሚያይ አይጠፋኝም። ይኼ ከውጭ ሰው እየጠበቀ ነበር።» ትንሽ አሰበች። «ምን አልከኝ ያኔ?»

«መቼ?»

«ሲያመኝ።»

«ምንም። አይዞሽ ነው ያልኩት።»

ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ኮሚቴ ጮኸ።

ወንድምና እህት ተያዩ።

«አምጣው እስቲ» አለች፤ ድምፅዋ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመች ሴት ድምፅ ነበር። «በገመድ ያዘው። ቅርብ አታድርገው።»

ሹፌሩ ገመዱን በእጁ ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆመ። እህቱ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ብርጭቆ» አለች። ኮሚቴ ዝም። «ወንበር።» ዝም። «አይዞህ።»

ኮሚቴ ጮኸ፤ ዓይኑ የውጩ በር ላይ።

«ሁለተኛ መደብ፣ ነጠላ ቁጥር፣ ወንድ። ይጮኻል። አይዞሽ።» ጮኸ። «ሴትም ይጮኻል። አይዟችሁ።» ሁለት ጊዜ ጮኸ። «ለብዙ ቁጥር ይደግማል። አሁን ተጠንቀቅ። አይዞዎት።»

«አይዞ» ስትል የኮሚቴ ጆሮ ቆመ። «ዎት» ስትል ወደቀ። ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ አያት፤ ከዚያ ተቀመጠ።

«ለአክብሮት ዝም» አለች እህቱ። «ይኼን ማንም አንቱ ብሎት አያውቅም ማለት ነው።»

ሹፌሩ ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ግን አልመጣለትም። «እኔ እኮ እንዳይፈራ ብዬ ነው የምለው» አለ።

«መቼ መቼ ነው የምትለው?»

«አንድ ነገር ሲመጣ። ሌላ ውሻ ሲመጣ፣ ሞተር ሲመጣ፣ ሰውየው መጥረጊያውን ይዞ ሲመጣ።»

«ሳይመጣስ?»

«ሳይመጣ ለምን እለዋለሁ?»

«ታዲያ እሱ ምን ብሎ ይተርጉመው? ለእሱ ያቺ ቃል ‹መጡብህ› ማለት ናት። አንተ እያስጠነቀቅከው፣ እሱ ደግሞ ግዴታውን እየተወጣ ነው። ለአሰልጣኟ አልነገርካትም?»

«የምለውን ቃል ሁሉ ጠይቃኛለች፤ ‹ና› እለዋለሁ፣ ‹ተቀመጥ› እለዋለሁ ብያታለሁ። ይኼን አልነገርኳትም። ይኼ እኮ ቃል አይደለም፤ ትንፋሽ ነው።»

እህቱ የወደቀውን ክራንች በሌላኛው ክራንች ጫፍ ጎትታ ወደ ራሷ አስጠጋችው። ሹፌሩ የኮሚቴን ግንባር በአውራ ጣቱ እያሻሸ ቆይቶ፣

«ሐኪሙም እንደዚያው ነበር» አለ።

«የትኛው?»

«የሚስቴ። ውጤቱን ከመንገሩ በፊት ትከሻዬን ይዞ ያቺኑ ቃል አለኝ። ከዚያ በኋላ ያወራውን አልሰማሁትም። ምን ያደርግልኛል? በዚያች ቃል ጨርሶታል።»

እህቱ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«ምን ልል እንደነበር ታውቃለህ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አልልም።»

«አትበይ።»

ማታ ከመድረሱ በፊት ኮሚቴ መውጣት ነበረበት። እህቱ መኝታ ቤት ገብታ ጋደም ስትል ሹፌሩ ውሻውን ይዞ ወደ ግቢው ወረደ። ደረጃው ላይ የራሱን አፍ ግጥም አድርጎ ነበር የዘጋው። ለካስ ሰው ምላሱን ከመያዝ ይልቅ ውሻ መያዝ ይቀለዋል። የአጥሩ ጥግ ጋ ሲደርሱ የላይኛው ቤት ጎረቤት ምንጣፍ ገመድ ላይ አስጥቶ በዱላ ይደበድባል። ዱላ! ሹፌሩ ቃሏ ጥርሱ ጋ ስትደርስ ያዛትና በመጨረሻው ሰዓት ጅራቷን ለወጠ።

«አይዞዎት» አለ። «አይዞዎት ጌታዬ።» ጉበትም ሰጠ።

ኮሚቴ ዱላውን አየ። ሹፌሩን አየ። ጉበቱን ዋጠና ሌላ ጉበት ጠበቀ። ዱላው ምንጣፉን ይመታል፤ አቧራ ይነሳል፤ ኮሚቴ ይጠብቃል።

ጎረቤቱ ግን ዱላውን አወረደ። ፊቱ ተለውጧል።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «ጥርሴን እንዳመመኝ ማን ነገረህ? ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን አልከደንኩም።»

«እ… እንዴት ነው አሁን?»

«ይሻላል። ይኼ ሁሉ ጊዜ ጎረቤት ሆነን ደግ ነገር ተባብለን አናውቅም።» ጎረቤቱ አንድ እርምጃ ቀረበና ድምፁን አለሰለሰ። «አንተም እኮ ብቻህን ነህ። አይዞህ፤ ወንድሜ።»

ኮሚቴ ፈነዳ።

እህቱ ነገሩን ስትሰማ ጉልበቷን ይዛ ነው የሳቀችው፤ ሳቁ ያማል። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና፣ «እንግዲህ አገር ሙሉ ሕዝብ አንቱ በሉት ልትል አትችልም» አለች። «ቃሏን ነው ማደስ። ምንም በማይመጣበት ሰዓት ትባላለች፤ ቀጥሎ ጉበት ይመጣል። ደግሞ ትባላለች፤ ደግሞ ይመጣል። ልጆች ‹ፈተና› የሚለውን ቃል እንዳይፈሩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እፈትናቸው ነበር።»

«አልፈሩም?»

«ሰለቻቸው። ስልቹ ልጅ ደግሞ አያለቅስም።»

ስለዚህ የቀረውን ከሰዓት ለዚህ ሰጡት። እህቱ ወንበሯ ላይ፣ ሹፌሩ ወለሉ ላይ፣ የጉበቱ ሳህን መሃል። እሷ «አይዞህ» ትላለች፤ ኮሚቴ ጮኾ በሩን ያያል፤ በሩ ዝም ይላል፤ ጉበት ይወድቃል። እሱ «አይዞሽ» ይላል፤ ኮሚቴ ያጉረመርማል፤ ጉበት ይወድቃል። «አይዞህ ወንድሜ።» «አይዞሽ እህቴ።» «አይዟችሁ ልጆች።» እህቱ ቴሌቪዥን ላይ ዜና ለምታነበውም፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ» አለቻት፤ ጉበት። ቀስ በቀስ ኮሚቴ ሲሰማ በሩን ማየት ትቶ ሳህኑን ማየት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ወለሉ ላይ ተኝቶ አገጩን መዳፉ ላይ አድርጎ፣ ቃሏ በተባለች ቁጥር አንድ ዓይኑን ብቻ ይከፍታል። ሹፌሩ ራሱ የሆነ ቦታ ላይ ቃሏ ስትባል ትከሻው እንደማይከብደው ልብ አለ። ለማንም አልነገረም።

በሩ ተንኳኳ። ኮሚቴ አንዴ ጮኸ፤ ለደንቡ ያህል። የላይኛው ቤት ጎረቤት ነበር፤ ንጹሕ ኮት ለብሷል፤ ፊቱን አክብዷል።

«ማን ነው የሞተው?» አለ በሹክሹክታ።

«ማንም አልሞተም።»

«በወለሉ እኮ እሰማለሁ፤ አይዞሽ፣ አይዞህ፣ ከግቢው ከተመለስኩ ጀምሮ። ሳልደርስ ብቀር ነውር ነው ብዬ…»

«ውሻ እያሠለጠንን ነው።»

ጎረቤቱ ሹፌሩን አየው፤ ሴትዮዋን አያት፤ ጉበቱን አየው። «ጥሩ» አለ። «በርቱ።» ደረጃውን ሲወጣ ለራሱ የሆነ ነገር ሲያወራ ይሰማ ነበር።

መምሸት ሲጀምር እህቱ ክራንቾቿን ይዛ ተነሳች። ሹፌሩ ገመዱን ይዞ ቆመ። ከወንበሩ እስከ መስኮቱ ሄደች፤ ከመስኮቱ ተመለሰች። የክራንቹ ላስቲክ ጫፍ ሲያልፍ ኮሚቴ በዓይኑ ተከተለው፤ አንዴ ከንፈሩን ላሰ። ተነስቶ አልሄደም፤ አልጮኸምም። ስትቀመጥ መጥቶ ከወንበሩ አጠገብ ተዘረጋ። በጣም አልቀረበም፤ እጇን ብትዘረጋ ጀርባውን የምታገኘው ያህል ነው። እጇን አልዘረጋችም።

ስልኩ ጠራ። የእህቱ ልጅ ታች በር ላይ ነው።

«ምንም አልተነሳም በለው» አለች እህቱ ዝቅ ባለ ድምፅ። «መዋሸት ስፈቅድ ይኼ የመጀመሪያዬ ነው፤ አታባክነው።»

ሹፌሩ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ጋሼ፣ ደረስኩ። እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«ውሻውስ? ተነሳባት?»

እህቱ ጣቷን እንደ መኪና መስታወት መጥረጊያ ግራና ቀኝ አወዛወዘች።

«ተነሳ» አለ ሹፌሩ። «አንዴ።»

እህቱ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። በስልኩ ውስጥ የመኪና በር ሲከፈት ተሰማ።

«ብዬህ ነበር። እኔ ላይ አትዘን፤ የተነጋገርነው ነው። በል ይዘኸው ውረድ፤ የኋላውን ወንበር ላስቲክ አንጥፌለታለሁ። እሺ ጋሼ?»

ያቺን «እሺ» እህቱም ትጠብቃት ነበር፤ ልጁም ታች ይጠብቃት ነበር።

«በሩን ልክፈትልህ፤ መጣሁ» አለና ዘጋው።

ገመዱ በእጁ ነበር። ኮሚቴን አየው፤ ኮሚቴ ተዘርግቶ እንዳለ ጅራቱን አንዴ ወለሉ ላይ መታ። ወርዶ ለመክፈት ወይ ውሻውን መያዝ ነው፤ ወይ መተው።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለች እህቱ። «ልጄ ብርድ ላይ ቆሟል።»

«ብቻሽን…»

«ማን አለህ ብቻዬን ነኝ?»

ሹፌሩ ገመዱን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጃኬቱን ደረበ፤ በሩን ከኋላው ሳብ አድርጎ ዘጋው፤ ከዚያ ባዶ እጁን ደረጃውን ወረደ።